በጎማ ላይ ያሰመርኩት ጠመኔ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ሰንብተሽልኛል እትዬ? ወገብሽስ ቀለል አለሽ? አባባ ዓይናቸውን ታዩ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ፣ ቤቱስ እንዴት ነው? ስለ እኔ የጠየቅሽ እንደሆነ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ጤናዬ ደኅና ነው። ጭንቀቴን ታውቂዋለሽ፤ እሱም ከረቡዕ ወዲህ ደስታ ሆኖ እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው። ስለዚህ ፊደሉ ቢንጋደድ አትታዘቢኝ።

እንደምታውቂው ሥራዬ በመሀል ከተማው የገበያ መንገድ ዳር መኪና ማስቆም ነው። ቦታው ሠላሳ ስድስት መኪና ይይዛል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ግን አንድም ክፍት አይገኝም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሹፌር ሁሉ የሚጮኸው በእኔ ላይ ነው። ሰው ሲቆጣኝ ደግሞ እፈራለሁ። ስለዚህ እጄን ዘርግቼ፣ በትሕትና፣ «ከኋላ ያለው ሰፈር ሰፊ ነው፤ እዚያ ያቁሙ» እላቸው ነበር። እነሱም ያመሰግኑኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል። የዘነጋሁት ነገር ቢኖር፣ እኔም የምኖረው እዚያው ሰፈር ውስጥ መሆኑን ነው።

አከራዬ ልብስ ሰፊ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው እግራቸውን ስለሚያማቸው በየረቡዑ የሆስፒታል መኪና ይወስዳቸዋል። ባለፈው ወር መኪናው ሲመጣ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በቆሙ መኪኖች ተዘግቶ አላሳልፍ አለው። ሽማግሌውን በወንበር ተሸክመን እስከ ዋናው መንገድ አደረስናቸው። እኔም አንዱን የወንበር እግር ይዤ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከኋላችን እየተከተሉ፣ «ይህን ሁሉ መኪና ወደ ደጃችን የሚነዳውን ሰው አንድ ቀን ባገኘሁት!» ይሉ ነበር። እትዬ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ በማለት ፈንታ እርምጃዬን አፈጠንኩ።

እንቅልፍ ሲነሳኝ ጊዜ አንድ ነገር መጣልኝ። በማግስቱ ጠመኔ ገዝቼ እያንዳንዱ መኪና ሲቆም ከጎማው እስከ አስፋልቱ ቀጭን መስመር አሰመርኩ፤ በየሰዓቱም እየዞርኩ አየሁ። ከሠላሳ ስድስቱ መኪኖች ሃያ ሁለቱ እስከ ማታ ከቦታቸው አልተነቃነቁም! የማናቸው ይመስልሻል? የገበያተኛ እንዳይመስልሽ፤ «ገበያተኛ ራቀን» እያሉ የሚያማርሩት የባለሱቆቹና የሠራተኞቻቸው ናቸው። ከድምፁ ብዛት «ጥሩምባ» የምንለው የጨርቅ ነጋዴማ ሁለት መኪና በገዛ በሩ ላይ አቁሞ ይውላል።

ለአለቃዬ ስነግረው፣ «ያየኸው አንተ ነህ፤ ቅዳሜ ስለ መኪናው በሚደረገው ስብሰባ ላይ አንተው ተናገር» አለኝ። ከገበያው መንገድ ፊት ለፊት ባለው አዳራሽ ባለሱቆቹም የሰፈሩ ሰዎችም ተሰብስበዋል፤ አከራዬም ከፊት ተቀምጠዋል። ስለ ጠመኔው ከተናገርኩ ቦታ ያጡት ሹፌሮች ወዴት ይሄዱ እንደነበር መጠየቄ አይቀርም። ሥራዬንም ክፍሌንም በአንድ ቀን የማጣ መሰለኝ። ቢሆንም ከጥፋቴ ጀመርኩ። መኪኖቹን ወደ ሰፈሩ የምልካቸው እኔ እንደነበርኩ ተናገርኩ። ከዚያ ስለ ሃያ ሁለቱ መኪኖች ስናገር ጥሩምባ ተነሥቶ፣ «አራተኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ ደግሞ መቼ ነው የመንገድ መሐንዲስ የሆነው?» አለ። እኔም ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት በጎማዎ ላይ ያሰመርኩት ጠመኔ እስካሁን አልተነካም፤ በመስኮቱ ይመልከቱት» አልኩ። ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ተጋፋ። ሳቁ እንዴት ያለ መሰለሽ! በመጨረሻ እሱም ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ስለዚህ አዲስ ደንብ ከሰኞ ጀምሮ ለሦስት ወር እንዲሞከር ተወሰነ። ባለሱቆች በእግር አሥር ደቂቃ በሚያስኬደው በአሮጌው የእንጨት መጋዘን ግቢ ያቆማሉ፤ መንገድ ዳሩ ለገበያተኛ ሆኖ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆምበትም፤ በእኛ ሰፈር የሚያቆመው መለያ ወረቀት የተሰጠው ነዋሪ ብቻ ነው። መንገዱንም ሰፈሩንም የምጠብቀው እኔ ነኝ! እርግጥ ሁሉም አልተደሰተም። ከባለሱቆቹ ፀጉር አስተካካዩ «ጫማዬን ጨረስከው» እያለ እኔን ይረግማል፤ የሰፈሩ ሰዎችም እንግዳ ሲመጣባቸው የሚቆጡት እኔኑ ነው። ቁጣን አሁንም እፈራለሁ፤ እጄን ወደ ሌላ ሰፈር መዘርጋት ግን ትቻለሁ።

አከራዬ ከስብሰባው በኋላ አራት ቀን አላነጋገሩኝም። ውጣ ይሉኛል ብዬ ሻንጣዬን ሸክፌ ጠበቅኩ። ረቡዕ ጠዋት የሆስፒታሉ መኪና ሰተት ብሎ ገባ። «ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ በቃ!» እያልኩ በሩ ድረስ አመጣሁት። ሽማግሌው በከዘራቸው አምስት እርምጃ ተራምደው ተሳፈሩ። አከራዬ መኪናው እስኪወጣ ቆመው አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «ሻንጣውን አይቼዋለሁ። ፍታውና ና፣ ቁርስ ሳይቀዘቅዝ» አሉኝ።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትልቋን ልጅ በትምህርቷ እንድትበረታ ንገሪልኝ፤ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። ጎረቤታችን አንጥረኛውንም ሰላም በይልኝ። ለአባባ፣ ልጅዎ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆሞ ተናገረ በያቸው። አያምኑሽም፤ ቢሆንም ደጋግመሽ ንገሪያቸው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከገበያው ጀርባ፣ ከልብስ ሰፊዋ ቤት
ዓርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን