አባትህ የሠራልህ መርከብ

ልጄ ብሩህ፣ የካልጋሪን ብርድ እመቤቴ በመጎናጸፊያዋ ትከልልልህ። እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያው ብቻ ማፍሰስ ጀምሯል።

አባትህ ባሕር ኃይል ሳለ ያያትን ባለሸራ መርከብ በልቡ ይዞ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለአንተ በእንጨት አሳንሶ ሠራት። ሸራዋን የሰፋው የሠርጉን ሸሚዝ ቀዶ ነው፤ ገመዶቿን በገዛ እጁ አንድ በአንድ ቋጠረ። በሰው ብንልክልህ "ደርሳለች" ብቻ ብለህ ጻፍክ።

የጎረቤታችን ልጅ ሮሚ ከእናንተ ዘንድ ስትመለስ ጠየቅኳት። "እትዬ፣ መኪና ማቆሚያው ጋራዥ ውስጥ ናት፤ ካርቶኑም አልተከፈተም" አለችኝ።

አባትህ "የት አስቀመጣት?" ሲለኝ "ሳሎን፣ መስኮቱ ላይ" አልኩት። በአርባ ዓመት ትዳራችን ዋሽቼው አላውቅም ነበር።

አምላክ ዕድሜህን ያርዝምልኝ። እባክህ ልጄ፣ መርከቧን አውጥተህ መስኮቱ ላይ አስቀምጣትና ከውሸቴ አውጣኝ።

እናትህ ወለተማርያም