ለምንጣፍ የፈረንሳይኛ ቃል ያወጡት የአቶ ገብረክርስቶስ ሽፈራው የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው አቶ ገብረክርስቶስ ሽፈራው፣ ከአባታቸው ከምድር ባቡር ሠራተኛው ከአቶ ሽፈራው ደስታና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተሥላሴ ካሳ በ1942 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ። በፈረንሳይኛ ተምረው እንደ አባታቸው ምድር ባቡር ገቡ፤ በጽሕፈት ሥራም አገለገሉ። በ1970 ዓ.ም. ወደ ጅቡቲ ተሻግረው ከወ/ሮ ትዕግሥት መኮንን ጋር ጎጆ ወጡ። በ1979 ዓ.ም. ቶሮንቶ ገብተው፣ ፓርክዴል በሚባለው ሰፈር በተከራዩት አፓርትመንት ማቲንና ሶስናን ወለዱ።

መጀመሪያ የተቀጠሩት ኢቶቢኮ በሚገኝ የምንጣፍ መጋዘን ጥቅል ለመሸከም ነበር። አንድ ቀን በአንዱ ጥቅል ላይ፣ በካናዳ ሕግ ከእንግሊዝኛው ጎን የሚጻፈውን ፈረንሳይኛ ሲያነቡ ትርጉሙ ከመበላሸቱ የተነሣ ሳቅ አፈናቸው። አለቃቸው የሳቃቸውን ምክንያት ጠይቆ ሲረዳ ተርጓሚ አደረጋቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ስለ ሙጫው፣ ስለ መጋጠሚያው፣ ስለ ምንጣፉ ፀጉር አቅጣጫ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሁሉ ወደ ፈረንሳይኛ መለሱ። ፓሪስ «ሞኬት» ያለችውን ምንጣፍ ሞንትሪያል «ታፒ» ትለዋለች፤ እሳቸው ደግሞ አንጣፊው የማያውቀውን ቃል መጻፍ ነውር ነው ባይ ነበሩ። ያልዳሰሱትንም አይተረጉሙም። ልቅሶ ቤት ሳይቀር የምንጣፍ ጫፍ ገልበጥ አድርገው ጀርባውን ሲያዩ ስንቶቻችን በኀፍረት አቀርቅረናል! ትክክለኛውን ቃል ያገኙ ዕለት ግን ቤታቸው ሠርግ ቤት ይመስል ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክናቸው ነበር፤ ቶሮንቶ ውስጥ ያንን ፈረንሳይኛ ማን ያነበዋል? ማቲም በልጅነቱ «ዳዲ፣ ኖባዲ ሪድስ ዛት ሳይድ»፣ ያንን ጎን ማንም አያነበውም እያለ ያሾፍባቸው ነበር። አብረውት ይስቃሉ፤ ነገሩ ግን ከሆዳቸው አልወጣም።

ባለፈው መስከረም ቤተ ክርስቲያናችን ምንጣፍ ስታስነጥፍ፣ በጉበት ሕመም የደከሙት አቶ ገብረክርስቶስ ካላየሁ ብለው በዊልቸር መጡ። ኮሚቴው ለመስቀል እንዲደርስ «ዛሬውኑ ይለጠፍ» ብሎ ተጣደፈ። ከሄይቲ የመጣው አንጣፊ ሊዮ ግን አሻፈረኝ አለ። የጥቅሉን ወረቀት አዙሮ ፈረንሳይኛውን ጮክ ብሎ አነበበ፤ ምንጣፉ ተዘርግቶ ማደር አለበት፣ አለዚያ መጋጠሚያው ይከፈታል የሚል ነበር።

«የኔ ነው! ቃሉ የኔ ነው!» ብለው አቶ ገብረክርስቶስ ከዊልቸራቸው ሊነሡ ምንም አልቀራቸውም። በፈረንሳይኛ ሲያስረዱት ሊዮ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከና እጃቸውን ያዘ፤ ሙያውን የለመደው እሳቸው የጻፉትን እያነበበ እንደሆነም ነገራቸው። እሰይ! ምን እንደተባለ ያልገባቸው እናቶች እንኳ እልልታውን አቀለጡት። የኮሚቴው ሰብሳቢም «እሺ አባባ፣ እርስዎ ካሉ ይደር» አሉ። ምንጣፉ ተዘርግቶ አደረ፣ በማግሥቱ ተለጠፈ፣ በዓሉም ደረሰ። ማቲ አባቱን ወደ ቤት ሲመልስ «ሰምባዲ ዲድ፣ ዳዲ» ብሎ ግንባራቸውን ሳማቸው።

አቶ ገብረክርስቶስ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። በየቋንቋው የሚመሰገነው አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

ጫማችሁን አውልቃችሁ የቆማችሁበት ያው ምንጣፍ ነው። ስትወጡ መጋጠሚያውን ፈልጉት፤ አታገኙትም።