ግማሽ ኪሎ በሳምንት

ለወንድሜ ለክንፈ አድማሴ፣ አዲስ አበባ

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ብርሀንነሽስ፣ ልጆችህስ ደህና ናቸው? ያ በየደብዳቤው የምትኩራራበት ክንድህስ እንደምን አለ? እኛ ከቸኮል ቀኝ ትከሻ በቀር ደህና ነን። አንተ ስለ እሱ ትጠይቃለህ ብዬ አልጠብቅም፤ ሳልጠየቅ ልንገርህ።

ታናሻችን ቸኮል በጥቅምት ከከላላ በእግሩ መጥቶ ቤቴ ሲገባ ክንዱ የማሽላ አገዳ አክሎ ነበር። በሬዎቹ አልቀዋል። ሚስቱን አልታዬንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ነው የመጣው። ነፍሱ መለስ ሲል የእርዳታ እህል መጋዘኑ በግንቦት ተሸካሚ እንደሚቀጥር ሰማን። ኩንታል ከመኪና ተቀብሎ እስከ በሩ ያደረሰ ይቀጠራል፤ ክፍያው ስንዴ ነው።

በየካቲት ክንዱ እንዲጠነክር ሁለት ዳምቤል ሠራሁለት፤ በመጥረቢያ እጀታ ጫፍና ጫፍ የዱቄት ወተት ጣሳ ቸንክሬ አሸዋ ሞላሁበት። በቅቤ ነጋዴ ሚዛን መዝኜ በሁለት ኪሎ አስጀመርኩት። አሥራ ሁለት ጊዜ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ካነሳ በሳምንቱ ግማሽ ኪሎ ይጨመራል፤ ከተንቀጠቀጠ ባለበት ይቆያል፤ መገጣጠሚያውን ካመመው ይቀነሳል። ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ጨምርልኝ ብሎ ለመነኝ፣ አልሰማሁትም። በአሥር ሳምንት ስድስት ኪሎ ደረሰ፤ ግማሽ ኩንታልም በትከሻው ተሸክሞ መዞር ጀመረ። አልታዬ ክንዱን እየዳሰሰች ትስቅ ነበር።

ይህን ስጽፍልህ የመለስከው ደብዳቤ በዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ። እንደ ደንባችን ጎረቤት ተሰብስቦ ተነበበ። «የአድማሴ ልጅ አሸዋ በሲኒ ይሰፈርለታል? እኔ ስፖርት ቤት በመጀመሪያው ቀን አሥር ኪሎ አንስቻለሁ። ሞላ አስተማሪ እንጂ ወንድ አይደለም፤ እጥፍ አድርገው!» ብለሃል። ጎረቤታችን ፈንታው ከት ብሎ ስቆ፣ «በል እንግዲህ ቸኮል፣ ጡጦውን ጣላ!» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቸኮልም ሳቀ።

በማግስቱ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ አሸዋውን ደፍቶ ጣሳውን በድንጋይና በማረሻ ስብርባሪ ሞላው። በኋላ መዘንኩት፤ አሥራ ሦስት ኪሎ ከሩብ። ካዘዝከው ይበልጣል፤ ሊያስደስትህ ፈልጎ ይሆናል። ለአራተኛ ጊዜ ሲያነሳው ትከሻው ወለቀ። ወጌሻ ቢመልሰውም እጁ ከደረቱ በላይ አይወጣም። እንዲያም ሆኖ ግንቦት አንድ ቀን መጋዘኑ በር ተሰለፈ። ኩንታሉን ሲጭኑበት በጉልበቱ ወደቀ፤ ጆንያው ተቀደደ። የፈሰሰውን ስንዴ በግራ እጁ ሲለቅም አየሁት። ቦታውን ያገኘው ፈንታው ነው።

ደብዳቤህን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ቸኮል ፊደል አልቆጠረም፤ ሁለት መስመር ብዘል ማንም አያውቅም ነበር። አልዘለልኩም። ብልግናህን ሰው ይስማልህ ብዬ፣ የፊደል ግድፈትህን ሳይቀር እያረምኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት።

ይህን የያዘልህ ራሱ ቸኮል ነው፤ ከነቤተሰቡ በወረኢሉ አውቶቡስ ልኬልሃለሁ። ክንድህ ብርቱ ነውና አምስቱን በአንዴ አንሳ፤ በግማሽ ኪሎ አትጀምር። ደብዳቤውን አንብብልኝ ይልሃል። ጎረቤት ጥራና አንብብለት፤ አንድ ቃል እንዳትዘልል።

ብርሀንነሽን ስለ ሌማቷ ይቅርታ ጠይቅልኝ። ልጆቹን ሳምልኝ። ባለቤቴ ንግሥቴ አልታዬን ስትሸኝ የጀመረችውን ለቅሶ ገና አልጨረሰችም፤ ለአንተ ግን ሰላም ብላለች።

እዚህ ስትደርስ ቀና በልና ወንድምህን እያየህ አንብብ፦ ቸኮል፣ ይቅር በለኝ። የማናችን ቃል እንደሆነ እሱ ይፍረድ።

ሞላ አድማሴ
መካነ ሰላም፣ ግንቦት 5 ቀን 1977 ዓ.ም.