ገና ያልተቀመጠችው ሹም

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽ? ከሁሉ በፊት ጤናሽን ልጠይቅ፤ ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? አያቴስ፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ኮምቦልቻ ክረምቱ ገብቶ ቦርከና ሞልቶ ይሆናል፤ ትንሹ ወንድሜ ሲራጅ ወንዝ እንዳይወርድ ጠብቂልኝ። እኛ ምስጋና ለአላህ ይሁን እዚህ ስዊዘርላንድ፣ ሽሊረን ደህና ነን። አባቴ ከመጋዘን ሥራው ሲመለስ እግሩ ያብጣል እንጂ ሌላ የሚያመው ነገር የለም።

ባለፈው በስልክ ድምፄ ቀዝቅዞብሽ «ምን ሆነሻል?» ብትዪኝ «ምንም» አልኩሽ። አባቴ አጠገቤ ነበር፤ በስልክ መናገርም አይሆንልኝም። ደግሞ ገና «ሄሎ» ስል «አይሻዬ!» ነበር ያልሽኝ።

እህቴ አይሻ ጄኔቭ ላይ የስደተኛ ወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር እንድትሆን መመረጧን ሰምተሻል። ደብዳቤው የመጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሊቀመንበርነቱ ቀጥሎ «ዴዚግኔት» የሚል ቃል አለበት። አጎቴ ሰላሃዲን ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ወጥቶ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ በጥበቃ ስለሠራ እንግሊዝኛ ይጣፍጠዋል። ደውሎ «ተሾመች! ዴዚግኔት ሆነች!» ብሎ ጮኸ። አባቴም ለሽሊረን አበሻ ሁሉ አዳረሰው። እኔን ሲያስተዋውቅ እንኳ «ይቺ የሹሟ እህት ናት» ይላል፤ ስም የሌለኝ ይመስል።

ኦርሊኮን ሰፈር ከምማርበት ክፍል አጠገብ ቤተ መጻሕፍት አለ። ገብቼ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ቃሉ ለብቻው ሲሆን መሰየም፣ ለሥራ መመደብ ነው። ከማዕረግ ኋላ ሲከተል ግን ተመርጦ ገና ወንበሩ ላይ ያልተቀመጠ ሰው ማለት ነው። የድሮው ሊቀመንበር እስከ መስከረም ይቆያል። እማዬ፣ አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። ያን ትርጉም እንደ ጠጠር በጉያዬ ይዤ ለኢድ ከአባቴ ጋር ጄኔቭ አጠገብ ኦኔ፣ አጎቴ ቤት ሄድኩ።

ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ነበር። የገባው ሁሉ «ሹመት ያዳብር!» ይላል። ጎረቤታቸው አብዱልአዚዝ «ከእንግዲህ ያለ ቀጠሮ አናገኝሽም፣ ክብርት ሊቀመንበር!» እያለ ያስቃል። እኔ ትርጉሙን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ይሄኔ አይሻ ራሷ «ኧረ ተዉኝ! ዴዚግኔት ማለት እኮ ወንበሩን ከሩቅ የምታይ ማለት ነው። ሹመት ያዳብሩን ለመስከረም አቆዩልኝ» አለች። ሁሉም ሳቀ፤ ይበልጥ ወደዷት። ጠጠሬን ከጉያዬ ወሰደችብኝ። ትሕትናውም የእሷ ሆነ።

ማታ ሰሃን ስናጥብ፣ መስከረም ላይ ወንበሩን ስትረከብ ከቤተሰብ አንድ ሰው ብቻ ከእሷ ጋር አዳራሹ እንዲገባ መፈቀዱን ነገረችኝ። «አንቺ ከኋላዬ ተቀመጪልኝ» አለች። አባታችንስ ብላት «አባዬ ያለቅሳል፣ አጎቴ ያጨበጭባል። እኔ ዝም የሚል ሰው ነው የምፈልገው» አለችኝ። እጇን አየሁት፤ የሳሙናው ውኃ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ግን «አያለሁ» ብቻ አልኳት። እስካሁን መልሴን ትጠብቃለች።

እማዬ፣ ያንቺ ጥርስ ለእሷ ወጣላት፣ ፈረንሳይኛው ለእሷ ገባላት፣ አሁን ደግሞ ሹመት። በባቡር ስንመለስ አንዱ ልቤ «ተያት፣ ብቻዋን ትንቀጥቀጥ» ይለኝ ነበር። ሶላት ስቆም እንኳ ቅናቱ አብሮኝ ይቆማል። ያ እጅ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ልጆች ሆነን ውሻ ሲያባርረን የያዘኝ እጅ እኮ ነው።

እሄዳለሁ። ይህን ካንቺ በፊት ለማንም አልተናገርኩም። ከኋላዋ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። «ሹመት ያዳብር» ግን ከወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ አልላትም፤ የቃሉ ትርጉም ራሱ ገና ነው ይላል። ትናንት ብቻዬን ልለው ሞክሬ «ሹመት» ላይ ቆምኩ። እስከ መስከረም ይወጣልኝ ይሆናል፤ ዱዓ አድርጊልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ሌላ ጊዜ ስንደውል መጀመሪያ የእኔን ስም ጥሪ።

የአያቴን ጉልበት ሳሚልኝ። ሲራጅን ጆሮውን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን ለእማማ ትርፍነሽ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ለአይሻ የምትልኪው ምርቃት ካለሽ በእኔ በኩል ላኪው፤ ሳልቀንስ አደርሳለሁ።

ልጅሽ ሳሚያ

ሽሊረን፣ ሐምሌ 19 ቀን 2007 ዓ.ም.