«ብቻዋን ትጠየቅ» ያሉት የወይዘሮ ጃስቫንቲ ራቫል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ጃስቫንቲ ራቫል ከአባታቸው ከአቶ ሀርሻድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማንጉ፣ በሕንድ አገር ከአናንድ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የትምባሆ መንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ተወለዱ። የትምህርት ቤቱ መዝገብ 1953 ስለሚል፣ ዕድሜ ልካቸውን መዝገብ የሚባል ነገር አላመኑም።

በቫዶዳራ ሕግ ተምረው በ1976 ጥብቅና ጀመሩ። በዚያው ዓመት መምህር ናቪንን አግብተው አንዲት ልጅ፣ ቢናን፣ ወለዱ። አቶ ናቪን እንደሚሉት ከሠርጉ በፊት የመረመሯቸው አማቾቻቸው ሳይሆኑ ሙሽራዋ ራሳቸው ነበሩ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር ነው ነገሩ።

በ2014 ምትክ እናት ሆና ለሌላ ሰው ልትወልድ የምትችለው ማን እንደሆነች መሥፈርት የሚያረቅ ጉባኤ አባል ሆኑ። የቅርብ ዘመድ ትሁን፣ የራሷን ልጅ የወለደች ትሁን በሚለው ሁሉም ተስማማ። እሳቸው ግን «በባሏና በአማቷ ፊት የወጣ እሺ፣ እሺ አይባልም፤ ብቻዋን ትጠየቅ፤ የተናገረችውም እዚያው ይቅር» ብለው ሦስት ወር ተሟገቱ። ሰዉ በሙግታቸው ተሰላቸ፤ ሐሳባቸው ግን ገባ።

ከዚያም የማመልከቻ መርማሪ ሆኑ። በ2017 ታናሽ ወንድማቸው ኪሪት፣ ይህን የምጽፈው እኔው ነኝ፣ ከባለቤቴ ከኒሩ ጋር ቀረብን። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስንለምን ኖረናል። የትምባሆ ሠራተኛዬን ሚስት ቫርሻን ይዘን «የኒሩ እህት ናት» አልን። እህቴ «በወንድሜ ጉዳይ አልፈርድም» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ፤ ከክፍሉ ግን አልወጡም። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ስገባ ቫርሻ የሳሪዋን ጫፍ ስባ ፊቷን ሸፈነች።

«የሚስት እህት ለእህቷ ባል የምትከናነበው ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉ። «በእኛ ወግ በሠርጉ ቀን የሙሽራውን ጫማ ደብቃ የምታስለፋው እሷ አይደለችም እንዴ? ይቺ የፈራችው ጌታዋን ነው!»

ራሳቸው ቫርሻን ለብቻዋ ወደ ውጭ ወስደው ጠየቋት። ማመልከቻችን ወደቀ። «እርስዎ ልጅ አለዎት፤ ቀንተውብን ነው» አልኳቸውና ስድስት ዓመት አላናገርኳቸውም። ኒሩም ልጅ ሳታቅፍ ቀረች።

ወይዘሮ ጃስቫንቲ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2024 አረፉ። ለቅሶው ላይ ቫርሻ ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች። ደግሞ ምን ፈልጋ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ፊቷን አልሸፈነችም።

«ጌታዬ፣ ሁለቱንም የወለድኩት በቀዶ ጥገና ነው። ሐኪሞቹ ሦስተኛው ይገድልሻል ብለውኝ ነበር። ባሌ ዝም በይ አለኝ። ብቻዬን አድርገው የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው» አለች።

እህቴ የሰሙትን ለእኔ አንድም ቀን አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ይህ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ወይዘሮ ጃስቫንቲ ከባለቤታቸው፣ ከልጃቸው ከቢና፣ ከሁለት የልጅ ልጆቻቸውና ከእኛ ተለዩ። እናታቸው የተረፈችላቸው የቫርሻ ልጆች ሐሪሽና ጂግናም እዚህ ከሟች ቤተሰብ ጋር እንዲጻፉ ያደረግሁ እኔ ነኝ።

በሕይወታቸው ሰውን ሁሉ ሲጠይቁ ኖረዋል፤ እሳቸውን ፈጣሪ ምንም ሳይጠይቅ ይቀበልልን።