ቴፑን መዝጋት ያቃተኝ ቀን

ውድ የእህቴ ልጅ መቅደላ፣

ከወልድያ ተነሥቶ ያለሽበት አገር የሚደርስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ባልሽ አሮንስ? ልጅሽ ሰምሃር ጥርስ አወጣች? ብርዱስ እንዴት ያደርጋችኋል? እኔ ወገቤንና መኪናዬን ካልቆጠርን ደኅና ነኝ።

መቼም የመኪና ስክሪን በምትሥሉበት መሥሪያ ቤት ሹፌር የሚባል ፍጡር ገብቶ እንደማያውቅ ገብቶኛል። አንቺን አምኜ አሮጌዋን ሸጬ ይህችን የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ከነዳጅ ሰልፍ ገላግላኛለች፣ አልክድም። ግን ሠላሳ ዓመት እጄ በዳበሳ የሚያገኘው ቁልፍ ሁሉ ጠፍቶ አንድ መስታወት ሆኗል። መንገዱን ልይ ወይስ እሱን?

ባለፈው ወር ደንበኛ ውርጌሳ አድርሼ ወደ መርሳ ስመለስ ቀብር ገጠመኝ። እዚህ ቀብር ሲያልፍ ሹፌር ቴፑን ዘግቶ ዳር እንደሚይዝ ታውቂያለሽ። ቃሬዛው ላይ ያለው ደግሞ ዕድሜ ልካችንን ስንቀላለድ የኖርነው አብዱልሐሊም ነበር፤ የምከንፈውም ለእሱው ቀብር ነው። ቴፑን ልዘጋ ስክሪኑን ስነካው ድምፁ ጨመረ። ደግሜ ስነካው የሠርግ ዘፈን አመጣ። ቀና ስል ለቀስተኞቹ አፍንጫዬ ሥር ናቸው። መኪናዋ በራሷ ፍሬን ያዘች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያዳነቻቸው እሷ ናት፤ ያዘናጋችኝም እሷ ናት።

ማንም አልሰደበኝም። ዘፈኑ እየጮኸ ቃሬዛውን ይዘው አለፉ። ከዚያ ወዲህ መሪ መያዝ ራሱ ይደክመኛል።

በሦስተኛው ቀን የአብዱልሐሊምን ባለቤት ሁሪያን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ለእሱም ሠርግ ደገስክለት እንዴ ብላ በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። ቀጥላም፣ ለአርባው ሰደቃ የግራናን ሽማግሌዎች የምታመጣቸው አንተ ነህ አለችኝ። እምቢ ብል ይቅርታዋን መመለስ ሆነብኝ።

መካኒኩ አማኑኤል፣ ድምፁን ብነቅል ስክሪኑ አብሮ ይነቀላል፣ ያለ ስክሪን ደግሞ መኪናዋ አትነሳም ይላል። ስለዚህ ልጄ፣ ድምፁ ጨርሶ የሚጠፋበትን ቦታ በወረቀት ሥለሽ ላኪልኝ። ለአለቆችሽም አጎቴ የሚፈልገው አንድ የሚዞር ቁልፍ ብቻ ነው በያቸው። ሰደቃው ኅዳር ስድስት ነው። እስከዚያ ካልደረሰልኝ ሽማግሌዎቹን በሰው መኪና አሳፍሬ እኔ ከኋላ ተቀምጬ እሄዳለሁ። ሁሪያ ደጅ ያንን ዘፈን ይዤ አልቆምም።

እናትሽ አለሚቱ ደኅና ናት፤ ስልክ አታበዢም ብላ ታማሻለች። አሮንን ሰላም በይልኝ። ሰምሃርን ሳሚልኝ፤ ስታድግ የአንቺን ሥራ ትታ ሹፌር ትሁንልኝ።

አጎትሽ ወንዳወቅ
ወልድያ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.