በአንተ ክንድ የተለካው ቢስክሌት

ይድረስ በአሰብ ወደብ ለሚኖረው ወንድሜ ለጀላል፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ በባቲ በኩል ወርዶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ የባሕሩ ነፋስ ሳይበትነው ካለህበት ይድረስ። ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ? ባለፈው ደረቅ ሳል ይዞኛል ብለኸን ነበር፤ ለቀቀህ ወይስ እኛን ላለማስጨነቅ ብለህ ነው ዝም ያልከው? እኔ ወንድምህ በሺር፣ ባለቤቴ ጣይባና ልጃችን ለይላ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችንም አለች፤ የእሷን ነገር ኋላ በሰፊው እጽፍልሃለሁ። ናፍቆትህን ግን ከጤናችን ጋር አልቆጥረውም፤ እሱ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ተሽሎት አያውቅም። እንደማትሰማኝ እያወቅኩ ዘንድሮም ና እልሃለሁ። ለዚህም ዘንድሮ ሌላ ምክንያት አለኝ፤ ታግሰህ አንብበኝ።

የላክህልኝ የቢስክሌት ቴላዮ፣ ጎማም ኮርቻም የሌለው ባዶ አጽሙ፣ ደርሷል። ሾፌሩ ብሩ፣ አላህ ይስጠውና፣ ከሲሚንቶው ጋር ጭኖ አምጥቶ ኮምቦልቻ እንየው ዘንድ አስቀመጠልኝ። እንየው ቢስክሌት የሚያድሰው ሰው ነው፤ በየቀኑ ወደ ቦሩ ሜዳ ትምህርት ቤት ለመሄድ ሁለት ሰዓት፣ ለመመለስ ሁለት ሰዓት በእግሬ እንደምጓዝ ሰምቶ፣ አጽሙን ካገኘህ ሥጋውን እኔ እፈልግልሃለሁ ያለኝ እሱ ነው። ለቁመቴ የሚሆነውንም በእኔው ክንድ ለክቶ፣ ከኮርቻው ሥር እስከ ፔዳሉ እምብርት አንድ ክንድ ከአራት ጣት ብሎኝ ነበር። እኔም እንዳለኝ ለአንተ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ብወርድ እንየው ገና ከሩቅ ሲያየኝ መሳቅ ጀመረ። መምህር፣ ይህንን የላከልህ ሰው መሰላል አብሮ መላክ ነበረበት አለኝ። ብረቱን ከጎኔ ቢያቆመው እውነትም የግመል እንጂ የእኔ አይነት ሰው ዕቃ አይመስልም። በክንዴ ለካሁት፤ አንድ ክንድ ከስምንት ጣት ሆነ። አልዋሽህም፣ ተቀየምኩህ። የወንድሙን ቁመት የረሳ ሰው ምኑን ያስታውሳል አልኩ በሆዴ። እንየው ከመሐሉ ቆርጦ በብየዳ ሊያሳጥረው አሰበና ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጣጠርን። እስከዚያ ለቤተሰብ ላሳየው ብዬ ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ጫንኩት።

አውቶቡሱ ሐረጎን እያቃሰተ ሲወጣ ደብዳቤህን ከኪሴ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። ባልከኝ መሠረት በክንዴ ለክቼ፣ አራት ጣት ጨምሬ፣ ልክክ ያለውን አገኘሁልህ ትላለህ። በክንዴ ነው ያልከው። ልጆችን ሜትርና ሳንቲሜትር ሳስተምር የምውል ሰው፣ የሰው ሁሉ ክንድ እኩል ይመስል ልኬን በክንድ መጻፌ ያን ጊዜ ገባኝ። አንተ አልተሳሳትክም፤ አድገህ ነው። ስትሄድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርክ፤ ክንዳችንን ጎን ለጎን ስናስተያይ ሦስት ጣት ያህል ታንሰኝ ነበር። ያ እጅ እኔ ሳላየው አድጎ አልፎኛል። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን አይተውኝ ኖሮ የሞተብህ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለም፣ ያደገብኝ ነው ያለ አልኳቸው።

እናታችን ዓይኗን ሞራ ከጋረዳት ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። የላክኸውን ጉርድ ፎቶ እንኳ በጣይባ አፍ ነው ያየችው፤ ጉርድ ፎቶ ደግሞ ቁመት አይናገርም። ቴላዮውን ሳስገባ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገሩን ከነስህተቴ ነገርኳት። ከግድግዳው አስደግፍልኝ አለች። ክርኗን ከታች አድርጋ ክንዷን በብረቱ ላይ ዘረጋች፤ ጣቶቿ ካበቁበት በላይ ያለውን በሌላው እጇ ዳሰሰችው። ከዚያ ይኼ ሁሉ እሱ ነው አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተሸክሜው ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆመች። ወላሂ በሺር፣ የልጄን ቁመት እንዳታስቆርጥብኝ፤ ኸፈለግህ በእግርህ ሂድ አለች። እኔስ የማን ልጅ ነኝ ብዬ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ስለዚህ ሳይቆረጥ ሠራነው። ዝገቱን በላምባና በብርጭቆ ወረቀት ስንፍቀው ከሥሩ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ወጣ። እንየው በጣሊያን ጊዜ አገር ላገር ለሚዞሩ ሰዎች የተሠራ ነው ይላል፤ ከፊትም ከኋላም ዕቃ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች አሉት። ሁለቱን ቸርኬዎች ደሴ ቢስክሌት ያከራዩ ከነበሩ ሽማግሌ አገኘሁ። አንዱ ጠማማ ስለነበር እንየው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እያጠበቀና እያላላ ሁለት ቅዳሜ ፈጀበት። ኮርቻውን ጣይባ በአሮጌ ቦርሳዬ ቆዳ አለበሰችው። የእኔ ቁመት ግን በሞረድ አይስተካከልም። ኮርቻውን እስከ መጨረሻው አወረድነው፤ አልበቃም። በመጨረሻ እንየው በሁለቱ ፔዳሎች ላይ የወይራ እንጨት በብሎን አሰረልኝና እግሬ ደረሰ።

ከዚያ ወዲያ ለመውጣት ድንጋይ፣ ለመውረድም ድንጋይ ያስፈልገኝ ጀመር። ከሰፈራችን ከቧንቧ ውሃ እስከ ቦሩ ሜዳ የትኛው ድንጋይ የት እንዳለ በቃሌ አውቃለሁ። አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር በእጃቸው ቁም አሉኝ፤ ድንጋይ እስካገኝ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል አለፍኳቸው። ዘመኑን ታውቀዋለህ፤ ቁም ተብሎ ያልቆመ ሰው ምን እንደሚባል። እየሮጥኩ ተመልሼ የእግሬን እጥረት በማስረጃነት አቀረብኩ፤ እሳቸውም ስቀው ለቀቁኝ። ይህን ስታነብ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ስትስቅ ግን ድምፅህ አሁን ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ጎርንኖ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በየደብዳቤህ መጨረሻ አባቴን ሳልቀብር የእናቴን ደጅ እንዴት እረግጣለሁ ትላለህ። ሳትሰናበተው የጨው መኪና ላይ ወጥተህ የሄድክ ሰሞን ተቆጥቶ እንደነበር አልክድህም። ነገር ግን እስከሞተበት ዓመት ድረስ በየዒዱ ስምህን ጠርቶ ዱዓ ሳያደርግ ከሶላት አልተመለሰም። ቂም የያዘ አባት እንዲህ አያደርግም። እኔ የቀበርኩት ይቅር ብሎህ የሞተ ሰው ነው፤ አፈር ያለበስኩትም በሁለታችን ስም ነው። ከዚህ በላይ ምን ልበልህ?

ጥር ላይ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሐኪም መጥቶ ሞራ ይገፍፋል ተባለ። እናታችን አሻፈረኝ አለች። እሱ ኸሌለ ምኑን ላየው ነው፣ የናንተንማ ፊት አውቀዋለሁ አለች። የረታቻት ጣይባ ናት፤ ድንገት ቢመጣና ሳታዪው ቢመለስስ አለቻት። በቀጠሮው ቀን ነዳጅ ጠፍቶ መኪና አልነበረም። እሷን ከኋላ ጭኜ ልንዳ ብል ሁለት ቀብር እንዳይሆን ፈራሁ። ጋቢ አጥፌ የኋላው መጫኛ ላይ በጎን አስቀመጥኳትና እየገፋሁ ወሰድኳት። በአንድ እጇ መጫኛውን፣ በሌላው ባዶውን ኮርቻ ይዛ ነበር። መንገድ ላይ ስታወራ ሰማኋትና ለእኔ መስሎኝ አቤት አልኳት። አንተን አይደለም አለችኝ።

ፋሻው ሲፈታ ሁሉም ነገር ባይሆን አብዛኛው ታያት። መጀመሪያ እኔን አይታ በሽበቴ አዘነች፤ ለይላን አቅፋ አለቀሰች። ቤት ስንገባ ግን ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ቢስክሌቱ ዘንድ ሄደች። እንጨቶቹን ፍታ፣ ኮርቻውንም ለእሱ እግር ከፍ አድርግ አለችኝ። አደረግኩ፤ ኮርቻው እስከ ደረቴ መጣ። አጠገቡ ቆማ ከኮርቻው በላይ ምንም የሌለበትን ቦታ ቀና ብላ ስታይ ቆየች። ጣይባ ለይላን ይዛ ወጣች፤ እኔም መፍቻ የምፈልግ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኮርቻውን አላወረድኩትም። ትምህርት ቤት እንደ ድሮው በእግሬ ነው የምሄደው። ጫማዬ ያልቃል እንጂ እኔስ ለምጄዋለሁ። ከመሥሪያ ቤትህ የፈቃድ ወረቀትና የይለፍ ደብዳቤ ካጻፍክ ብሩ ከጋቢናው ቦታ እንደማይነፍግህ ነግሮኛል። ናፍቀኸኛል ወንድሜ። ትልቅ ሰው ሆነህ ሳላውቅህ በመንገድ እንዳላልፍህ እፈራለሁ።

ለአከራይህ ለእትዬ የኔነሽ አንተን እንደ ልጃቸው ስለያዙልን ምስጋናችንን ንገርልን። ብሩንም ሰላም በልልኝ። ጣይባ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሃለች። ለይላ፣ አይታህ የማታውቀው የወንድምህ ልጅ፣ ጉልበትህን ትስማለች። ጎረቤታችን እማማ ወለተ ማርያም የመጣህ ዕለት ለገብርኤል ጃንጥላ ሊያስገቡ ተስለዋል፤ እኛ በዱዓ፣ እሳቸው በስለት ይዘንሃል። እናታችን አሁን ከጎኔ ተቀምጣ የምጽፈውን ታያለች፤ ፊደል ባትቆጥርም መስመሩ መርዘሙን አይታ በቃ አለችኝ። በእሷ ቃል ጻፍልኝ ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ ቁመትህን አይቻለሁ ልጄ፤ ፊትህ ነው የቀረኝ።

ወንድምህ በሺር
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
የካቲት 19 ቀን 1973 ዓ.ም.